ጥናታችሁን የት ትልካላችሁ? ከጎንደር ለሚጽፉ መሐንዲሶች የጆርናል መምረጫ መመሪያ

ከወጣት መሐንዲሶች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ «ጽሑፉ አልቋል፤ የት ብልከው ይሻላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ የሚጠየቅበት ጊዜ ግን ዘግይቷል። ለአገር ውስጥ ጆርናል የሚጻፍ ጽሑፍና ለአንድ ዓለም አቀፍ የግንባታ ቁሳቁስ ጆርናል የሚጻፍ ጽሑፍ መረጃቸው አንድ ሊሆን ይችላል። መግቢያቸው፣ የሚያነጻጽሩት የቀደመ ሥራ፣ የሚመርጡት ሥዕልና ሠንጠረዥ ግን ይለያያል። ስለዚህ የላብራቶሪው ውጤት ተሰብስቦ የመጀመሪያው አንቀጽ ሳይጻፍ መድረሻው ቢታወቅ ከብዙ ድካም ያድናል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ጥናታቸውን ወደ ጆርናል ጽሑፍ ለመቀየር ለሚያስቡ፣ የማዕረግ ዕድገት ለሚጠብቁ መምህራን፣ እንዲሁም ከመሥሪያ ቤት ሥራቸው ጎን ለጎን ለሚመራመሩ የመንገድ፣ የውኃና የግንባታ ባለሙያዎች ነው። መነሻዬ አንድ ጥያቄ ነው፦ ውጤታችሁን በእርግጥ ማን ይጠቀምበታል? የሚቀጥለው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። ብዙዎች ግን ከገንዘብ ይጀምሩና «ጥሩ ጆርናል በዶላር ነው» ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ። ይህ እውነት እንዳልሆነ ወደ ታች በዝርዝር አሳያለሁ።

የአገር ውስጥ ጆርናሎች

ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ዘዴ የኢትዮጵያ መሐንዲሶችና አርክቴክቶች ጆርናል በመባል የሚታወቅ ነባር መድረክ ነው። ለጎንደር ጎረቤት የሆነው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ጆርናልን ያሳትማል። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስና የዘላቂ ልማት ጆርናል አለው፤ መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሞሞናን ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን የተባለው ድረ ገጽ የኢትዮጵያ ጆርናሎችን ለማግኘት ጥሩ መነሻ ነው።

ትልቁ ጥቅማቸው ገምጋሚው አገሩን ማወቁ ነው። ጥቁር አፈር በክረምት እንዴት እንደሚያብጥ፣ በበጋ እንዴት እንደሚሰነጠቅ በሦስት አንቀጽ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። የኢትዮጵያ መንገዶች መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣውን የንጣፍ ዲዛይን ማኑዋል ስትጠቅሱ ገምጋሚው መጽሐፉን ያውቀዋል፤ የስሌት ስህተት ካለም ያገኘዋል። ውጤታችሁን ነገ ሥራ ላይ ሊያውለው የሚችለው የዞን መንገድ መሐንዲስም እነዚህን ጆርናሎች ያለ ክፍያ ሊያነብ ይችላል።

ድክመታቸውም መነገር አለበት። እትሞቻቸው አንዳንድ ጊዜ ይዘገያሉ፤ ገምጋሚ በፈቃደኝነት የሚሠራ ሥራ የበዛበት መምህር ስለሆነ ምላሹ ይቆያል። ብዙዎቹ ስኮፐስና ዌብ ኦቭ ሳይንስ በተባሉት ዓለም አቀፍ የጆርናል ማውጫዎች አልተመዘገቡም። ትምህርት ሚኒስቴር የአገር ውስጥ ጆርናሎችን እየመዘነ ዕውቅና ይሰጣል፤ ለዕድገት የሚጽፍ መምህር ጆርናሉ በወቅታዊው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ከመላኩ በፊት ከትምህርት ክፍሉ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

የማይገባኝ ነገር ቢኖር የአገር ውስጥ ጆርናልን ሌላ ቦታ የወደቀ ጽሑፍ ማራገፊያ አድርጎ ማየት ነው። የአገራችንን የዲዛይን ደንብ የሚፈትሽ፣ የአካባቢ ድንጋይና አሸዋ ጥራትን የሚለካ፣ ለኢትዮጵያ መሐንዲስ ቀጥተኛ ምክር የያዘ ሥራ የመጀመሪያ ቤቱ እዚህ ነው።

ከደራሲው የማይጠይቁት፦ የደንበኝነት ጆርናሎች

ብዙ ታላላቅ የምህንድስና ጆርናሎች አሁንም የሚተዳደሩት ቤተ መጻሕፍት በሚከፍሉት የደንበኝነት ገንዘብ ነው። ኮንስትራክሽን ኤንድ ቢልዲንግ ማቴሪያልስ፣ ጆርናል ኦቭ ሃይድሮሎጂ፣ የአሜሪካ የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር አብዛኞቹ ጆርናሎች እንዲህ ናቸው። ደራሲው ከፈለገ ከፍሎ ጽሑፉን ለሁሉም ክፍት ማድረግ ይችላል፤ ካልፈለገ ምንም ሳይከፍል ይታተምለታል። ቅልቅል የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ አሳታሚው ቅጽ ይልካል። በቅጹ ላይ «ኦፕን አክሰስ» እና «ሰብስክሪፕሽን» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ይቀመጣሉ። የመጀመሪያውን የመረጠ ሰው ብዙ ሺህ ዶላር የሚጠይቅ ደረሰኝ ሊደርሰው ይችላል። በቅልቅል ጆርናሎች ደግሞ ለድሃ አገር ደራሲዎች የሚደረገው የክፍያ ምሕረት አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ሁለተኛውን ምረጡ፤ ክፍያ የለውም።

የዚህ መንገድ ጉድለት አንባቢው ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ሰው የምርምር ጽሑፎችን ለድሃ አገር ተቋማት በሚያቀርበው በሪሰርች ፎር ላይፍ በኩል ጽሑፉን ሊያገኘው ይችላል፤ በከተማው የውኃ አገልግሎት ቢሮ ያለው መሐንዲስ ግን በሩ ተዘግቶበታል። መፍትሔው የተገመገመውንና ተቀባይነት ያገኘውን፣ በአሳታሚው ገና ያልተቀናበረውን ቅጂ በዩኒቨርሲቲው የጽሑፍ ማከማቻ ማስቀመጥ ነው። ብዙ አሳታሚዎች ይህን የሚፈቅዱት ከታተመ ከ12 እስከ 24 ወራት በኋላ ስለሆነ የየጆርናሉን ደንብ አንብቡ። የአሳታሚውን አርማ የያዘውን የመጨረሻ ፒዲኤፍ ግን እንዳሻችሁ መለጠፍ አይፈቀድም።

ሙሉ ኦፕን አክሰስ ጆርናሎች፣ የክፍያውም ጉዳይ

በዚህ ክፍል ብዙ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብና ብዙ ተስፋ የሚባክነው እዚህ ነው። ሙሉ ኦፕን አክሰስ ጆርናል ማንኛውም ሰው በነፃ የሚያነበው፣ ወጪው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከደራሲው የሚሰበሰብበት ነው። የአይትሪፕልኢ አክሰስ ክፍያ ለምሳሌ ወደ 2,000 ዶላር ይጠጋል። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ይህን ከመምህር ደመወዝ ማሰብ አይቻልም። ገንዘቡ ቢኖር እንኳ ወደ ውጭ መላኩ ሌላ ጣጣ ነው።

ነገር ግን ሪሰርች ፎር ላይፍ የተባለው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና የአሳታሚዎች ጥምረት አገሮችን በሁለት ምድብ ይከፍላል፤ ኢትዮጵያ ያለችው በምድብ ኤ ነው። ኤልሴቪየር በሙሉ ኦፕን አክሰስ ጆርናሎቹ ላይ ለዚህ ምድብ ደራሲዎች ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ይሰርዛል። ሌሎች ታላላቅ አሳታሚዎችም ተመሳሳይ አሠራር አላቸው፤ ልዩነቱ ዝርዝሩ ላይ ነው፤ የሚያስቸግረውም ያው ዝርዝር ነው።

ኤልሴቪየር ምሕረቱን የሚሰጠው የደራሲዎቹ ተቋማት ሁሉ በዝርዝሩ ባሉ አገሮች ሲሆኑ ነው። አንድ ደራሲ ከጀርመን ወይም ከቻይና ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። ስፕሪንገር ኔቸር የሚያየው የተጠሪውን ደራሲ፣ ማለትም ከጆርናሉ ጋር የሚጻጻፈውን ሰው፣ አገር ሲሆን የሚመለከተው የዓለም ባንክን የገቢ ምደባ ነው፤ ጥያቄውም ጽሑፉ በሚላክበት ጊዜ እንዲቀርብ ይፈልጋል። ተቀባይነት ካገኘ በኋላ «አልችልም» ማለት ዘግይቷል። ኤምዲፒአይ ደግሞ እያንዳንዱን ጥያቄ ለብቻው ይመዝናል፤ ቅናሹ ሙሉም ከፊልም ሊሆን ይችላል፤ ላይሰጥም ይችላል። የአገሮች ምደባ ከዓመት ዓመት ሊለወጥ ስለሚችል የዛሬ ሁለት ዓመት ባልደረባችሁ ያገኘውን ምሕረት ለራሳችሁ ማስረጃ አታድርጉት። ከመላካችሁ በፊት ለጆርናሉ ጽሕፈት ቤት አጭር ኢሜይል ጻፉና መልሱን አስቀምጡ።

የውጭ አገር አማካሪ ወይም ተባባሪ ደራሲ ላላቸውም መንገድ አለ። በአውሮፓ ያሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከአሳታሚዎች ጋር በገቡት ስምምነት ተጠሪው ደራሲ የእነሱ ሰው ከሆነ ክፍያውን ይሸፍናሉ። አማካሪያችሁ የተጠሪነቱን ኃላፊነት በእውነት የሚወጣ ከሆነ ይህን መነጋገር ነውር የለውም። ምሕረት ለማግኘት ሲባል የሠራን ሰው ስም ማውጣት፣ ክፍያ ለማስሸፈን ሲባል ያልሠራን ሰው ስም መጨመር ግን ሁለቱም ማጭበርበር ነው፤ በጥብቅ እቃወማለሁ።

ከዚህ ዓይነት ጆርናሎች መካከል ለእኛ የሚስማሙ አሉ። ሳይንቲፊክ አፍሪካን እ.ኤ.አ. በ2018 ለአፍሪካ ተመራማሪዎች ታስቦ የተመሠረተ ሲሆን ሰፊ የሳይንስና የምህንድስና ዘርፍ ይቀበላል። አይትሪፕልኢ አክሰስ ፈጣን ነው፤ ውሳኔው ግን «ይታተም» ወይም «ይመለስ» ብቻ ነው፤ በመካከል «ይህን አስተካክለህ አምጣ» የሚል ረጅም ንግግር የለውም። ያልበሰለ ጽሑፍ እዚያ መላክ ዕድልን ማቃጠል ነው። ገና ብዙ አስተያየት የሚፈልግ ሥራ ካላችሁ ቀስ ያለውና የሚያስተምረው ግምገማ ያለበት ጆርናል ይሻላችኋል።

ጉባኤዎች

በኮምፒውተርና በኤሌክትሪክ ምህንድስና የጉባኤ ጽሑፍ ክብር አለው፤ በሲቪል፣ በሜካኒካልና በውኃ ምህንድስና ግን ለዕድገት ሚዛኑ ከጆርናል ያነሰ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚያስተናግደው አይካስት የተባለው ጉባኤ ጽሑፎቹን በስፕሪንገር ጥራዝ ሲያሳትም ቆይቷል፤ ከጎንደር በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ፊት ለፊት የሚሰጥ ትችት በጽሑፍ ከሚመጣው ይልቅ ቶሎ ያስተካክላል። የጉባኤውን ጽሑፍ አስፍታችሁ ወደ ጆርናል ስትወስዱ ግን አዲስ መረጃና አዲስ ትንታኔ መኖር አለበት፤ የቀደመው ጽሑፍም በግልጽ መጠቀስ አለበት።

ሽሽት የሚገባቸው

«የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ድንቅ ጽሑፍዎን አንብበን…» ብሎ የሚጀምር ኢሜይል ገና ማስተርሱን ላልጨረሰ ተማሪ ሲደርሰው ጥርጣሬ ሊያድርበት ይገባል። በሦስት ቀን ገምግመን እናትማለን የሚል፣ ከእርሻ እስከ ኤሮስፔስ ሁሉን የሚቀበል፣ ክፍያውን በዋትስአፕ የሚደራደር ጆርናል ግምገማ የለውም። ባለ አይኤስኤስኤን ቁጥር መሆን የጥራት ማስረጃ አይደለም፤ ማንም አውጪ የሚያገኘው መለያ ነው። ጎግል ስኮላር ላይ መታየትም እንዲሁ። «ግሎባል ኢምፓክት ፋክተር» የመሰሉ ስሞች ደግሞ የጆርናሉ ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሱ የሚለካውን ትክክለኛውን ኢምፓክት ፋክተር ለማስመሰል የተፈጠሩ ናቸው፤ ትክክለኛው የሚወጣው በክላሪቬት ኩባንያ ብቻ ነው።

ማጣራቱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የስኮፐስ የጆርናሎች ዝርዝር ለማንም ክፍት ነው፤ ስሙን ሳይሆን የአይኤስኤስኤን ቁጥሩን አስገብታችሁ ፈልጉ፤ ምዝገባው የተቋረጠ ከሆነ እዚያው ይጻፋል። የዌብ ኦቭ ሳይንስ ዋና ዝርዝርም በነፃ ይፈተሻል። ኦፕን አክሰስ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2003 በተመሠረተው ዶአጅ በተባለው ማውጫ ውስጥ መኖሩን እዩ። አንዳንድ አጭበርባሪዎች የታወቀ ጆርናልን ስምና ቁጥር ሰርቀው ተመሳሳይ ድረ ገጽ ይከፍታሉ፤ ስለዚህ ወደ መላኪያው ገጽ የምትገቡት በኢሜይል ከመጣ ማስፈንጠሪያ ሳይሆን ከስኮፐስ ወይም ከአሳታሚው ዋና ገጽ ይሁን።

ትልቅ ስም ብቻም አያድንም። ብዙዎቻችን የምናውቀው ሂንዳዊ በዋይሊ ከተገዛ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ8,000 በላይ ጽሑፎቹ ተሰርዘዋል፤ በርካታ ጆርናሎቹም በዚያው ዓመት ከዌብ ኦቭ ሳይንስ ወጥተዋል። በጆርናሎቹ በሐቀኝነት ያሳተሙ ተመራማሪዎችም በዚሁ ጥላ ሥር ወድቀዋል። ስለዚህ የጆርናሉን ደረጃ ብቻ ሳይሆን ባለፉት ሁለት ዓመታት ምን እንዳተመ ተመልከቱ። የጽሑፎቹ ቁጥር በድንገት ካበጠ፣ ልዩ እትም በልዩ እትም ላይ ከተደራረበ፣ ርዕሶቹ ከጆርናሉ ስም ጋር ካልተያያዙ ሌላ ፈልጉ።

ጆርናሎችን በአራት እርከን ስለሚመድበው ደረጃ፣ ከላይኛው ኪው 1 እስከ ታችኛው ኪው 4፣ አንድ ቃል ልጨምር። ደረጃው የሚሰላው በዘርፍ ነው፤ አንዱ ጆርናል በአንድ ዘርፍ ኪው 1፣ በሌላው ኪው 2 ሊሆን ይችላል። ለዕድገት ማመልከቻ ይጠቅማል፤ ለጽሑፋችሁ ትክክለኛ አንባቢ ግን አያገኝላችሁም።

ከጎንደር የሚነሱ ጥናቶች የት ይሂዱ?

የአንገረብን ግድብ እንውሰድ። ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውኃ የሚሰጠው ይህ ግድብ ደለል እየሞላው መሆኑ የታወቀ ችግር ነው። አንድ ተመራማሪ የማጠራቀሚያውን ወለል ለክቶ፣ የተፋሰሱን የአፈር መሸርሸር በሞዴል አስልቶ ውጤት ቢያገኝ ቢያንስ ሦስት መንገድ አለው። ስሌቱ የታወቀ ዘዴ ተከትሎ የግድቡን ቀሪ ዕድሜ የሚገምት ከሆነ የባሕር ዳሩ ጆርናል ይበቃል፤ ውሳኔ ሰጪዎቹም እዚሁ ናቸው። ጥናቱ ስለ ጣና ተፋሰስ ደጋ አካባቢ የማይታወቅ የውኃ ባሕርይ ካወጣ ጆርናል ኦቭ ሃይድሮሎጂ፡ ሪጅናል ስተዲስ ይመቸዋል። ይህ የኤልሴቪየር ሙሉ ኦፕን አክሰስ ጆርናል በአካባቢ ላይ ለተመሠረቱ ጥናቶች የተቋቋመ ነው፤ አጽሕሮቱንም በሦስት ንዑስ ርዕስ እንዲከፈል ይጠይቃል፦ የጥናት ቦታው፣ የጥናቱ ትኩረት፣ ለአካባቢው የተገኘው አዲስ የሃይድሮሎጂ ግንዛቤ። ሦስተኛውን ንዑስ ርዕስ በሁለት ዓረፍተ ነገር መሙላት ካልቻላችሁ ጥናቱ ገና ለዚያ አልደረሰም። ዋናው ጆርናል ኦቭ ሃይድሮሎጂ የሚታሰበው ዘዴው ራሱ አዲስ ሲሆን ብቻ ነው።

የፋሲል ግቢ ግንብ ሌላው ሀብታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ግቢ በድንጋይና በኖራ የተገነባ ነው፤ የ17ኛውን ክፍለ ዘመን የኖራ ድብልቅ መመርመር ለጥገናም ለሳይንስም ይጠቅማል። የድብልቁን ማዕድንና ጥንካሬ የሚተነትን ሥራ ወደ ኮንስትራክሽን ኤንድ ቢልዲንግ ማቴሪያልስ መሄድ ይችላል፤ የደንበኝነት መንገዱ ክፍያ የለውም፣ ፉክክሩ ግን ከባድ ነው። የመዋቅሩን ታሪክ፣ ጉዳቱንና የጥገናውን ዘዴ አያይዞ የሚያይ ከሆነ ኢንተርናሽናል ጆርናል ኦቭ አርክቴክቸራል ሄሪቴጅ የተሻለ አንባቢ አለው፤ የቅርስ ጥገና መሐንዲሶች የሚያነቡት እሱን ነው። አንድ የተወሰነ ጥገናን በጥሩ ሁኔታ የሚዘግብ ሥራ ደግሞ ወደ ኬዝ ስተዲስ ኢን ኮንስትራክሽን ማቴሪያልስ ይሂድ። እኔ ብሆን ሁለተኛውን አስቀድማለሁ። ከቅርስ ላይ ናሙና ለመውሰድ ፈቃድ ማስፈለጉን አትርሱ፤ ገምጋሚ ይጠይቃል፤ ባይጠይቅም ሕጉ ይጠይቃል።

በአዘዞ መስመር ያለውን ጥቁር አፈር በኖራ፣ በእንጨት አመድ ወይም በጤፍ ገለባ አመድ ማጠንከር በየዓመቱ የሚሠራ ርዕስ ነው። የዓለም ጆርናሎች ኤዲተሮች እንዲህ ያለውን ጽሑፍ አይተው ጠግበዋል። «ከዚህ በፊት ከነበረው ሲቢአር (የአፈር የመሸከም አቅም መለኪያ) ወደዚህ ከፍ አለ» የሚል ብቻ ከሆነ ያለ ማመንታት ወደ አገር ውስጥ ጆርናል ላኩት፤ የመንገድ ሥራ ተቋራጩ የሚፈልገው ቁጥር እዚያ ይጠቅማል። ወደ ውጭ የሚሄደው የአመዱን የኦክሳይድ ይዘት፣ የሸክላውን ማዕድን ዓይነት፣ ድብልቁ በእርጥበትና በድርቀት ሲፈራረቅበት የሚያሳየውን ጽናት የያዘ ሲሆን ነው። ለዚህ ናሙና ከጎንደር ውጭ ወዳሉ ላብራቶሪዎች መላክ ሊያስፈልግ ስለሚችል የመድረሻ ምርጫው ከጥናቱ በጀት ጋር አብሮ ይወሰን። ጆርናል አስቀድማችሁ ምረጡ የምለው በተለይ ለዚህ ነው፤ ያልተደረገን ሙከራ በጽሑፍ መሙላት አይቻልም።

የአማርኛ የእጅ ጽሑፍን በኮምፒውተር ማንበብ ላይ ለሚሠሩ፣ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር የሆነው ኤሲኤም በእስያ ቋንቋዎችና አነስተኛ ዲጂታል ሀብት ባላቸው ቋንቋዎች ላይ የሚያወጣው ጆርናል ከአጠቃላዩ አይትሪፕልኢ አክሰስ ይልቅ ገምጋሚው ጉዳዩን ይረዳል። በሁለቱም ቦታ ፊደላችን በሰባት ሥርዓት እንደሚለዋወጥ፣ «ሀ» እና «ሁ» በአንዲት ቅጥያ ብቻ እንደሚለያዩ በሥዕል አሳዩ፤ የችግሩ ክብደት የሚገባቸው ያኔ ነው።

ርዕስና መግቢያ

የእኛ አገር ቴሲስ ርዕስ ብዙ ጊዜ «…በጎንደር ከተማ፣ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ» ብሎ ያልቃል። ለአገር ውስጥ ጆርናል ይህ ትክክል ነው። ለውጭ ጆርናል ግን ኤዲተሩ «የአካባቢ ጉዳይ ብቻ ነው» ብሎ ለገምጋሚ ሳይልክ ሊመልሰው ይችላል። ርዕሱ ላይ ክስተቱን ወይም ዘዴውን አስቀድሙ፤ ቦታውን በአጽሕሮትና በዘዴ ክፍል በሙሉ ክብሩ ግለጹት። ቦታን መደበቅ ግን አይገባም፤ ከፍታው፣ ዝናቡ፣ አፈሩ ሌላው ተመራማሪ የሚያነጻጽርበት መረጃ ነው።

ከመቶ ገጽ ቴሲስ ወደ ጆርናል ጽሑፍ ስትሄዱ የመጀመሪያው የሚቀረው የትርጓሜ ምዕራፍ ነው። የአንድ ጽሑፍ ጥያቄ አንድ ነው። ቴሲሱን ወደ ብዙ ጥቃቅን ጽሑፎች መቆራረጥም ገምጋሚ የሚያውቀውና የሚጠላው ልማድ ነው።

መሣሪያዎች

ወርድ ወይስ ቀመር ለመጻፍ የሚመቸው የጽሑፍ ማቀናበሪያ ላቴክ? ቀመር የበዛበት የኤሌክትሪክ ወይም የመዋቅር ሥራ ከሆነ ላቴክ፤ አማካሪያችሁ በወርድ ላይ አስተያየት የሚጽፍ ከሆነ ወርድ። ላቴክ በድር ላይ የሚጻፍበት ኦቨርሊፍ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ላቴክን ኮምፒውተር ላይ መጫን ይሻላል። ለማጣቀሻ አያያዝ ዞቴሮን እመርጣለሁ፤ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ብዙ የኤልሴቪየር ጆርናሎች ለመጀመሪያ ጊዜ ስትልኩ የራሳቸውን አቀራረብ አይጠይቁም፤ ያ ድካም ጽሑፉ ለማስተካከያ ሲመለስ ይደረሳል። የመስመር ግራፍ ሲሆን 1000 ዲፒአይ፣ ፎቶ ሲሆን 300 ዲፒአይ አዘጋጁ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንግሊዝኛችሁን ካስተካከላችሁ ጆርናሉ በሚጠይቀው ቦታ ግለጹ፤ ደራሲ አድርጎ መጻፍ ግን ታላላቆቹ አሳታሚዎች ከልክለዋል።

የቀደመ ሥራ ለማንበብ ክፍያ የሚጠይቅ ገጽ ላይ ስትደርሱ አትመለሱ። ሪሰርች ፎር ላይፍ ለምህንድስናና ለፈጠራ አርዲ የተባለ ክፍል አለው፤ መግቢያውን ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ።

ስማችሁን በተመለከተ፣ አንድ አጻጻፍ ምረጡና አትለውጡት። ፀሐይ ወይም ኃይሉ የሚል ስም በላቲን ፊደል በሦስት በአራት ዓይነት ይጻፋል፤ ስኮፐስም እያንዳንዱን እንደ ሌላ ሰው ይቆጥረዋል። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሲገባ ደግሞ ጥቅሶቻችሁ በአባታችሁ ስም ይመዘገባሉ፤ ይህን መለወጥ አይቻልም፣ ወጥ ማድረግ ግን ይቻላል። ነፃ የሆነውን የኦርኪድ የተመራማሪ መለያ ቁጥር አውጡና ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምሮ ተጠቀሙበት።

ሲመለስ

ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናል አይላክም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫችሁን ጻፉ። ኤዲተሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከርዕሱ ጋር አይሄድም ብሎ ከመለሰው ምንም አልጠፋም፤ በዚያው ሳምንት ወደ ሁለተኛው ይሂድ። ገምጋሚዎች አንብበው ከጣሉት ግን ትችታቸውን ሳታስተካክሉ ወደ ሌላ አትላኩ። ዘርፉ ጠባብ ነው፤ ያው ገምጋሚ ሌላው ጆርናል ላይ ሊያገኘው ይችላል፤ ያልተነካ ጽሑፍ ሲያይ ይቆጣል።

«ከፍተኛ ማስተካከያ» የሚል መልስ ሲመጣ አትደንግጡ፤ ብዙ ጽሑፍ የሚያልፍበት በር ነው። እያንዳንዱን አስተያየት ቃል በቃል ገልብጡ፤ ከሥሩ ምን እንዳደረጋችሁና በስንተኛው መስመር እንደተለወጠ ጻፉ። ገምጋሚው ተሳስቶ ከሆነ በአክብሮትና በቁጥር አስረዱ። ጊዜ ካነሳችሁም ቀነ ገደቡ ከማለፉ በፊት ኤዲተሩን ጠይቁ። መብራትና ኢንተርኔት ለቀናት ጠፍቶ ከሆነ እንደዚያው ንገሩት፤ በተጨባጭ ምክንያት ሲጠየቅ ማራዘም የተለመደ ነው።

ተቀባይነት ካገኘ በኋላ የማረሚያ ቅጂው ይመጣል፤ ብዙ አሳታሚዎች በ48 ሰዓት ውስጥ መልሱ ይላሉ። የሁሉንም ደራሲዎች ስም፣ የዩኒቨርሲቲውን ስም አጻጻፍ፣ የምስጋናውን ክፍልና የሠንጠረዦቹን አኃዝ አንድ በአንድ ከመጀመሪያው ፋይል ጋር አመሳክሩ። ከዚህ በኋላ የሚገኝ ስህተት የሚታረመው በተለየ የእርማት ማስታወቂያ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ሌላ ደራሲም በራሱ ዓይን እንዲያነበው ላኩለት።